የአሜሪካው የቲቪ ዋጋ ደንብ እኛን ይነካናል?

ወንድሜ፣ የአሜሪካው የቲቪ ዋጋ ደንብ እዚያ ላለችው እህትህ ይጠቅማት እንደሆነ፣ እዚህ ሐዋሳ ያለነውንም ይነካን እንደሆነ ጠይቀሃል። እኛን አይነካንም። ኢትዮሳት ላይ ያሉትን ቻናሎች ዲሽና ሪሲቨር ካለህ በነጻ ታያለህ። ዲኤስቲቪ ብታስገባም የአሜሪካ ደንብ እዚህ አይሠራም።

ለእህትህ ግን ደስ የሚል ነገር ነው። የአገሪቱ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2016 ያጸደቀው ሲሆን፣ የኬብልና የሳተላይት ድርጅቶችን ይመለከታል። በፊት ማስታወቂያው ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ያሳዩና የአካባቢ ጣቢያዎችንና የስፖርት ቻናሎችን ክፍያ ቢሉ ላይ ለብቻው ይጨምሩ ነበር። የቻናል ዋጋን ግብር አስመስሎ ማቅረብ ሰውን መሸወድ ነው፤ በጣም ያናድደኛል። አሁን የቻናሎቹን ጠቅላላ ዋጋ በማስታወቂያም በቢልም በአንድ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። ዋጋው በዚህ አይቀንስም፣ ቀድማ ታውቀዋለች እንጂ። የመሣሪያ ኪራይና ታክስ ደግሞ ከዚያ ውጭ ሊመጣ ይችላል።

እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ በኢንተርኔት የሚታዩትን ደንቡ አይመለከታቸውም። ወደዚያ ልትዞር ካሰበች፣ ከመመዝገቧ በፊት የመግቢያ ቅናሹ መቼ እንደሚያልቅ በደንብ ታጣራ።