ጤነኛ ሰው ከአፍንጫው የተነሣ ፈንገስ አንጎሉ ሊደርስ ይችላል?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ሱዳን ውስጥ በሰሊጥ እርሻ ለዓመታት ሠርቶ ባለፈው ዓመት ተመለሰ። አንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ከተደፈነ ዓመት አልፎታል፤ አሁን በዚያው በኩል ያለው ዓይኑ ወደ ውጭ እየተገፋ ነው፤ ሕመሙ ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ ዕጢ፣ ኋላም አንጎል ሊደርስ የሚችል ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም ተባልን። ስኳርም ኤችአይቪም የለበትም። ጤነኛ ሰው እንዴት በፈንገስ ይያዛል? ለቤተሰቡስ ይተላለፋል?
እኅቱ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ በዚህ በኩል አይስጉ። ሱዳንን መጥቀስዎ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው፤ የሱዳን ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በ17 ሕሙማን ላይ የገለጹት የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ የፊት አጥንቶች ውስጥ ያለ ባዶ ክፍተት) ፈንገስ፣ ሞቃትና ደረቅ በሆኑ አገሮች የበሽታ መከላከያ አቅማቸው ያልተጓደለ ሰዎችን የሚይዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ፣ በአፈርና በእህል ላይ የሚበቅል፣ ዘሩ ከአቧራ ጋር ወደ አፍንጫ የሚገባ ሻጋታ ነው። በ2021 በሕንድ በብዛት የታየውና በተለይ የስኳር ሕሙማንን በቀናት ውስጥ የሚጎዳው «ጥቁር ፈንገስ» ከዚህ የተለየ ነው። የወንድምዎ ዓይነቱ በወራትና በዓመታት ይሄዳል፤ ምክንያቱም ሰውነት ፈንገሱን ከብቦ ለማገት ሲታገል ግራኑሎማ የሚባል ጠንካራ እብጠት ይሠራል። ሆኖም ሳይነስን ከዓይን ጉድጓድና ከአንጎል የሚለየው አጥንት ስስ በመሆኑ፣ እብጠቱ ቀስ በቀስ አጥንቱን በልቶ ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ከእብጠቱ ናሙና መውሰድ ነው። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የት እንደደረሰ ያሳያሉ እንጂ ከዕጢ በእርግጠኝነት አይለዩትም። ናሙናው ሁሉ ፎርማሊን በተባለው ማቆያ ኬሚካል ውስጥ ከገባ ፈንገሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ ስለማይቻል፣ ከፊሉ በንጹሕ ጨዋማ ውኃ ለብቻው እንዲላክ ሐኪሙን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጠይቁ። ግራኑሎማ በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ስለሚፈጠር፣ ፈንገሱ በልዩ ቀለም ካልተፈለገ ሕመምተኛው የማይገባውን የነቀርሳ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል፤ ከዚያ መካከል ያለው ሪፋምፒሲን ደግሞ የፈንገስ መድኃኒቶችን በደም ውስጥ ያመናምናል። እብጠቱን ለመቀነስ ተብሎም፣ ምንነቱ ሳይታወቅ የስቴሮይድ ክኒን ባይወስድ ይሻላል፤ ለጊዜው ሻል ቢለውም ፈንገሱ ይበልጥ ሊስፋፋ ይችላል።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው ቀዶ ሕክምናና ለወራት የሚወሰድ ኢትራኮናዞል ወይም ቮሪኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ አንጎል ከተነካ ወደዚያ በደንብ የሚዘልቀው ቮሪኮናዞል ይመረጣል። የኢትራኮናዞል እንክብል ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ኦሜፕራዞልን የመሰለ የጨጓራ መድኃኒት እንክብሉ ከሆድ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ስለሚያደርገው፣ ወንድምዎ የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገር። ብዙዎች ዓይናቸው ወደ ቦታው ሲመለስ የዳኑ ይመስላቸውና መድኃኒቱን ያቋርጣሉ፤ በሽታው ግን የማገርሸት ጠባይ ስላለው ማቆሚያውን የሚወስነው በድጋሚ ምስል ያየው ሐኪም ነው።

እስከዚያው ድረስ የማየት ኃይሉ ከቀነሰ፣ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ብርቱ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ ወይም የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያድርሱት።