ክሎፕ ልጆቹን ዝም ብሎ አላስሮጣቸውም

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ የሰፈራችንን ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ፣ ከ15 አመት በታች ናቸው። የሊቨርፑል ደጋፊ ስለሆንኩ የቀድሞ አሰልጣኛችንን የክሎፕን ፕሬሲንግ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ተጭኖ መንጠቅን፣ ላስተምራቸው ብዬ ሁለት ወር ለፋሁ። ኳስ ስናጣ ሁላችሁም ሩጡ ነው የምላቸው ግን 50ኛው ደቂቃ አካባቢ ልጆቹ ያልቁብኛል፣ ከዛ በረጅም ኳስ ጎል ይገባብናል። ሰውዬው ምን አድርጎ ነው እንደዛ ያጫወታቸው? ከየትስ አመጣው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ "ሁላችሁም ሩጡ" የሚለው ላይ ነው፣ ግን መጀመሪያ ከየት አመጣው ላልከው፣ ማይንዝ ከሚባለው የጀርመን ክለብ ነው ያመጣው። ክሎፕ ከ1990 እስከ 2001 ማይንዝ ነው የተጫወተው፣ አጥቂ ሆኖ ጀምሮ ተከላካይ ሆኖ ነው የጨረሰው፣ ኳስ እግሩ ላይ የምታምር ተጫዋች አልነበረም። በ90ዎቹ አጋማሽ ቮልፍጋንግ ፍራንክ የሚባል አሰልጣኝ መጣላቸው። ያኔ ጀርመን ውስጥ አብዛኛው ቡድን ሰው በሰው እየያዘ ከኋላ ሊቤሮ፣ ማለትም ማንንም ሳይዝ ያመለጠውን የሚያጸዳ ተከላካይ፣ አስቀምጦ ነው የሚጫወተው፣ ፍራንክ ግን ጣሊያናዊው ሳኪ ያሰለጠነውን ሚላን አይቶ አራት ተከላካይ በአንድ መስመር አሰለፈ፣ ሁሉም ኳሷ ባለችበት አብሮ ይጠጋል፣ አብሮ ይመለሳል። ማይንዝ ደግሞ ብር የሌለው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ነው። ክሎፕ በችሎታ የሚበልጧቸውን ቡድኖች በአደረጃጀት ብቻ ሲያሸንፉ እዛው ሜዳ ውስጥ ሆኖ አየው፣ በኔ እምነት የሰውዬው ነገር ሁሉ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው። 2001 የካቲት ላይ ቡድኑ ሊወርድ ሲል ከተጫዋችነት በቀጥታ አሰልጣኝ አደረጉት፣ አተረፋቸው፣ 2004 ላይ ደግሞ የጀርመን ዋናው ሊግ፣ ቡንደስሊጋ አስገባቸው።

አሁን ወደ ልጆችህ። ኳስ የነጠቀህን ልጅ አስበው፣ አይኑ ኳሷ ላይ ነው፣ ቀና ብሎ ማን የት እንዳለ አላየም፣ ጓደኞቹም ለማጥቃት መበተን ጀምረዋል። ጌገንፕሬሲንግ የሚባለው ይቺን አራት አምስት ሰከንድ መጠቀም ነው። ታዲያ ወደ ኳሷ የሚሄዱት ቅርብ ያሉት ሁለት ሶስት ልጆች ናቸው እንጂ አስር ሰው አይደለም፣ ሌሎቹ ፓስ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋሉ፣ ተከላካዮቹ ወደ ፊት ይወጣሉ። ይሄ እንዲሆን ኳሱ ሳይጠፋ በፊት፣ ገና እያጠቃችሁ እያለ፣ ልጆቹ ተቀራርበው መቆም አለባቸው። ያንተ ልጆች የሚያልቁት ፊትነስ ስለሌላቸው አይመስለኝም፣ ተበታትነው ስለሚያጠቁ ኳስ በጠፋ ቁጥር 30 እና 40 ሜትር ስለሚሮጡ ነው።

በረጅም ኳስ ይገባብናል ላልከው፣ ሊቨርፑልም እኮ እንደዛው ነበር! ፊት ላይ ሳላህ፣ ፊርሚኖ እና ማኔ ሲጫኑ ደስ ይላል፣ ከኋላ ግን ክፍት ነበር፣ 2018 ጥር ላይ ተከላካዩ ቫን ዳይክ፣ ክረምት ላይ ደግሞ በረኛው አሊሰን ሲመጡ ነው ነገሩ የተስተካከለው። ስለዚህ በረኛህ ጎሉ ስር እንዳይቆም፣ ቡድኑ ሲወጣ እሱም ከሳጥኑ ወጣ ብሎ ይቁም። ልምምድ ላይ ደግሞ በጠባብ ሜዳ አምስት ለአምስት አጫውታቸው፣ ኳስ ያጣው ቡድን ጮክ ብሎ እስከ አምስት ይቁጠር፣ እስከዛ ካልነጠቀ ሁሉም ወደ ራሱ ግማሽ ይመለስ። መመለሱን ካላስተማርካቸው ይሞቱብሃል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ክሎፕ ራሱም ተቀይሯል። ከማይንዝ በኋላ የያዘውን የጀርመኑን ዶርትሙንድ 2011 እና 2012 ሻምፒዮን አድርጎ 2014/15 ላይ ግን ሊጉ አጋማሽ ሲደርስ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነበሩ፣ ብዙ ቡድን ኳሱን ለነሱ ትቶ ከኋላ ተዘግቶ ይጠብቃቸው ነበር፣ ኳስ ከሌለው ቡድን ላይ ደግሞ ምን ትነጥቃለህ። ሊቨርፑል ላይ ቀስ እያለ ኳስ መያዝንም ጨመረበት፣ አሌክሳንደር አርኖልድና ሮበርትሰን ከመስመር ተከላካይነት አልፈው የጎል ምንጭ ሆኑ፣ በ2019/20 በ99 ነጥብ ከ30 አመት በኋላ ሊጉን በሉ።

ጥያቄ፦ ክሎፕን እወደዋለሁ ግን ፍጻሜ ላይ ለምንድነው የሚሸነፈው? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት ነው ብዙ ተሸንፏል፣ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜዎችን ብቻ ብንቆጥር ከዶርትሙንድ ጋር 2013 ዌምብሌይ ላይ በባየርን፣ ከሊቨርፑል ጋር ደግሞ 2016 ባዝል ላይ በሴቪያ፣ 2018 ኪየቭ እና 2022 ፓሪስ ላይ በሪያል ማድሪድ። 2019 ላይ ግን ባርሴሎናን አንፊልድ ላይ 4 ለ 0 አሸንፈው ፍጻሜ ገቡና ቶተንሃምን 2 ለ 0 ረቱ። ሁሉንም በአንድ ምክንያት ማስረዳት ይከብዳል። ኪየቭ ላይ ሳላህ ተጎድቶ እስኪወጣ ድረስ ጨዋታው የሊቨርፑል ነበር፣ እሱ ሲወጣ ፕሬሲንጉም አብሮ ወረደ። ፓሪስ ላይ ደግሞ የሚችሉትን ሁሉ ሞክረዋል፣ ያን ቀን ያሸነፋቸው የማድሪዱ በረኛ ኩርቱዋ ነው።