ላፕቶፑ ላይ ይሰራል፣ ሰርቨሩ ላይ «ፋይሉ የለም» ይላል

ጥያቄ፦ የቢሯችን የብድር ሲስተም በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ማዕቀፍ) የተሰራ ነው። የውል ደብዳቤ የሚያወጣ ክፍል ጨመርኩበትና የኤክሴል ቴምፕሌቱን ሪሶርስስ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ኢንተሊጄ (ኮድ የምጽፍበት ፕሮግራም) ላይ ሳስኬደው ቆንጆ አድርጎ ያወጣል። ጃር (ፕሮግራሙ ሁሉ ታሽጎ የሚገባበት አንድ ፋይል) አድርጌ ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን «ፋይል ኖት ፋውንድ» ይለኛል። ፋይሉ እዚያው ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፓዙን (የፋይሉን አድራሻ) ያልቀየርኩት የለም። ኮዱን ልኬልሃለሁ፣ እስቲ ተመልከተው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፓዙን መቀያየር አቁም። ከላክልኝ ኮድ እንዳየሁት «ኒው ፋይል» ብለህ ከ«ኤስአርሲ» ጀምሮ እስከ «ሪሶርስስ» ያለውን ፓዝ ጽፈሃል። ኢንተሊጄ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ከፕሮጀክቱ ፎልደር ላይ ስለሆነ «ኤስአርሲ» እዚያው እግሩ ሥር አለ፣ ስለዚህ ይሰራል። ሰርቨሩ ላይ ያ ፎልደር ከየት ይመጣል? የጫንከው ጃሩን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሊኑክስ ላይ በሲስተምዲ (ፕሮግራሞችን ከጀርባ በሚያስነሳው) ሰርቪስ አድርገኸው ከሆነ፣ ዎርኪንግ ዳይሬክተሪውን ካልነገርከው በቀር ፕሮግራሙ የሚነሳው ከሩቱ፣ ከባዶዋ ስላሽ ላይ ነው።

ይሄን ያየ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ክላስ ፓዝ ሪሶርስ የሚባለውን የስፕሪንግ ክላስ ያመጣና «ጌት ፋይል» ይላል። ላፕቶፕ ላይ እሱም ይሰራል። ሰርቨር ላይ ግን ያ ረጅሙ ኤረር ይመጣል፤ ሪሶርሱ ፋይል ሲስተም ላይ ስለሌለ ፓዙን ማወቅ አልተቻለም የሚለው፣ ከኋላው ደግሞ ጃር፣ ቡት-ኢንፍ፣ ክላስስ እያለ በቃለ አጋኖ የተቆራረጠ አድራሻ የሚያስከትለው። ብዙ ሰው አድራሻውን አይቶ ይደነግጥና ዋናውን ዓረፍተ ነገር ሳያነበው ያልፋል። አንብበው፣ እውነቱን ነው የሚነግርህ፦ ነገሩ አለ፣ ፋይል ግን አይደለም።

ጃር ማለት ስሙ ነው እንጂ ዚፕ ነው። ሜቨን (ኮዱን ጃር የሚያደርገው መሣሪያ) ቢልድ ሲያደርግ ሪሶርስስ ውስጥ ያለውን መጀመሪያ ታርጌት ሥር ወዳለው ክላስስ ፎልደር ይገለብጠዋል። ኢንተሊጄ የሚያነበው ከዚያ ነው፣ እዚያ ደግሞ ዲስክ ላይ የተቀመጠ እውነተኛ ፋይል ነው። ፓኬጅ ሲደረግ ግን ዚፕ ውስጥ የገባ ባይት ይሆናል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚያውቀው ጃሩን ራሱን ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን አያውቅም፤ ፋይል፣ ፋይል ኢንፑት ስትሪም፣ ፋይል ሪደር የሚባሉት ክላሶች ደግሞ ሁሉም የሚጠይቁት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ስለሆነ ፓዙን የቱንም ያህል ብታሳምረው ዋጋ የለውም። ፋይል አትጠይቅ፣ ስትሪም (ባይቱን በተራ የሚያፈስልህን) ጠይቅ።

አንተ ስፕሪንግ ላይ ስለሆንክ ቀላል ነው። ክላስ ፓዝ ሪሶርሱን ተጠቀም፣ ግን «ጌት ፋይል» በማለት ፈንታ «ጌት ኢንፑት ስትሪም» በለው። ኤክሴሉን የምታነብበት አፓቼ ፒኦአይም ስትሪም ይቀበላል፣ የግድ ፋይል ካልሰጠኸኝ አይልህም።

ያለ ስፕሪንግ፣ በደረቁ ጃቫ ለምትሰሩ «ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» አለላችሁ። እዚህ ጋ ግን ስላሿ ሰው ታሳብዳለች። ክላስ ላይ ስትጠራው በስላሽ ከጀመርክ ከሩቱ ይፈልጋል፤ ያለ ስላሽ ከሆነ ያ ክላስ ካለበት ፓኬጅ ጀምሮ ነው የሚፈልገው። ክላስ ሎደር (ክላስና ሪሶርስ ፈልጎ የሚያመጣው) ላይ ስትጠራው ደግሞ ፍለጋው ሁልጊዜ ከሩቱ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ስላሽ አይገባም። የሚያናድደው፣ ሲያጣው ኤክሴፕሽን አይወረውርም። ዝም ብሎ ነል (ባዶ) ይመልስልሃል። ከዚያ ሌላ ክላስ ውስጥ ነል ፖይንተር ይፈነዳና ጥፋቱን በሌለበት ስትፈልግ ትውላለህ። ስለዚህ እዚያው ቼክ አድርገህ፣ የሪሶርሱን ስም ጠቅሰህ «አልተገኘም» የሚል ኤክሴፕሽን ራስህ ወርውር።

አሁን «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ወዳልከው እንምጣ። የት ነው ያየኸው? ፕሮጀክቱ ውስጥ ከሆነ አልቆጥርልህም። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ጃር ክፈተው፤ ተርሚናል ላይ «ጃር» ብለህ፣ «ቲኤፍ» አስከትለህ፣ የጃሩን ስም ስትሰጠው ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ይዘረዝርልሃል። ስፕሪንግ ቡት ጃር ላይ ያንተ ነገር የሚገኘው ቡት-ኢንፍ ውስጥ ካለው ክላስስ ሥር ነው፣ ዎር (የዌብ ፕሮግራም ጥቅል) ከሆነ ደግሞ ዌብ-ኢንፍ ውስጥ ካለው ክላስስ ሥር። እዚያ ከሌለ ጣጣው ቢልዱ ጋ ስለሆነ ጃቫውን አትነካካው። ካለ ደግሞ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያየው። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ አንድ ያያል፣ ጃር ውስጥ ግን ይለያያሉ፤ ኮዱ ላይ ትንሽ፣ ፋይሉ ላይ ትልቅ ፊደል ከሆነ ላፕቶፕህ በዝምታ ያሳልፍሃል፣ ጃሩ አያሳልፍህም።

ይሄን ሁሉ አስተካክለህ ፒኦአይ «ፋይሉ የተበላሸ ነው» ካለህ የሜቨን ፊልተሪንግን (ፋይል ውስጥ ያሉ ምልክቶችን በእሴት የሚተካውን) ጠርጥር። አንድ ሰው የቨርዥን ቁጥር በራሱ እንዲገባ ብሎ ፊልተሪንግን ለመላው ሪሶርስስ ፎልደር ከፍቶት ይሆናል። ያኔ ሜቨን ኤክሴሉንም፣ ፎንቱንም፣ ሰርተፍኬቱንም እንደ ጽሑፍ አንብቦ መልሶ ይጽፈዋል፤ ኤክሴል ደግሞ ራሱ ዚፕ ስለሆነ እንዲህ ተነካክቶ አይተርፍም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዋናውን ፋይልና ታርጌት ውስጥ ያለውን በመጠን አስተያይ። የታርጌቱ ገዝፎ ካገኘኸው ነገሩ ይሄው ነው። ወይ ፊልተሪንጉን ለሚያስፈልገው ፋይል ብቻ ወስነው፣ ወይ በሜቨን ሪሶርስስ ፕለጊን ላይ የማይነኩትን ኤክስቴንሽኖች ዘርዝርለት።

ደብዳቤው አማርኛ ከሆነ ሌላም ወጥመድ አለ። ርዕሱንና አንቀጾቹን በፕሮፐርቲስ ፋይል አስቀምጠህ በስትሪም ሎድ ካደረግካቸው፣ ጃቫ እንደ አይኤስኦ 8859-1 (ለላቲን ፊደል የተሰራ ኮድ) ነው የሚያነባቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ «ብድር» ያልከው ቃል 9 ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ፊደል ላይም አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ እየደጋገመ ይመጣል። እሱን ካየህ ፎንት ፍለጋ አትግባ፣ ፎንቱ ምንም አላደረገም። ስትሪሙን በኢንፑት ስትሪም ሪደር ጠቅልለህ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ንገረው። ሪሶርስ በንድል የሚባለው ከጃቫ 9 ጀምሮ ፕሮፐርቲስን በዩቲኤፍ-8 ያነባል፣ እሱ ላይ ጭንቀት የለም። ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይም ቢሆን ቻርሴቱን (ፊደሎቹ በየትኛው ኮድ እንደተጻፉ) ጻፍ፤ ከጃቫ 18 በፊት ሳትነግረው ከቀረህ የማሽኑን ልማድ ነው የሚከተለው፣ ያንተ ላፕቶፕና ሰርቨሩ ደግሞ አንድ ልማድ ላይኖራቸው ይችላል።

አንዳንድ ላይብረሪ ፋይል ካልሰጠኸኝ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ለእሱ ስትሪሙን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ገልብጥና የዚያን ፓዝ ስጠው፣ ሲጨርስ አጥፋው። ጃር ውስጥ ያለ ፎልደርን በ«ሊስት ፋይልስ» መዘርዘርም አይሆንም፤ ስፕሪንግ ለዚህ ፓተርን የሚቀበል ሪዞልቨር አለው፣ በኮከብ ምልክት ሁሉንም ይሰበስብልሃል።

ኢር (ዎሮችንና የጋራ ላይብረሪዎችን አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ጭነው አፕሊኬሽን ሰርቨር ላይ የሚሰሩ ሰዎች ይሄንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ ክላስ ሎደር ነው። የጋራ ላይብረሪው ኢሩ ውስጥ ካለው ሊብ ይነሳል፣ ቴምፕሌቱ ደግሞ ዎሩ ውስጥ ነው። ልጅ ሎደር የወላጁን ያያል፣ ወላጅ የልጁን አያይም። የላይብረሪውን ክላስ ከመጠየቅ ይልቅ የአሁኑን ትሬድ ኮንቴክስት ክላስ ሎደር ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል።

እኔ ግን ወንድሜ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ይሄን ቴምፕሌት ማን ነው የሚቀይረው? የሕግ ክፍሉ በሁለት ወር አንዴ አንድ አንቀጽ የሚያሻሽል ከሆነ ጃር ውስጥ ምን ይሰራል? ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ቢልድ አድርገህ ዲፕሎይ ልታደርግ ነው? ቦታውን ከኮዱ አውጥተህ አፕሊኬሽን ፕሮፐርቲስ ላይ ጻፈውና በስፕሪንግ ሪሶርስ ሎደር አንብበው። ዛሬ «ክላስፓዝ» በሚል ቃልና በሁለት ነጥብ ይጀምራል። ነገ ሕግ ክፍሎቹ በራሳቸው ይቀይሩት ሲባል፣ ሰርቨሩ ላይ ፎልደር ከፍተህ መጀመሪያውን «ፋይል» ታደርገዋለህ። ስትሪም እስከጠየቅክ ድረስ ኮዱን መንካት አያስፈልግህም።