እግሯ ላይ ቀለበት ያለባት ዳክዬ አግኝቼ ምን ላድርግ ላልከው ወንድም

ዝዋይ ላይ ከመረብህ ሞታ የወጣችው ዳክዬ እግር ላይ ያለው ብረት ያስከስሰኛል ወይ ብለሃል። አያስከስስህም። ፎቶህ ላይ እንደሚታየው የወፎችን ጉዞ የሚያጠኑ ሰዎች የሚያስሩላቸው፣ ቁጥር የተቀረጸበት ቀለበት ነው፤ ካሜራም ባትሪም የለውም።

1. ቀለበቱን ለማንም እንዳታስረክብ! አንድ የጀልባ ባልደረባዬ እንዲህ ያለውን አግኝቶ ቁጥሩን ሳይገለብጥ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰደው። «እናጣራለን» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቆይቶ ሲጠይቅ «የምን ቀለበት?» አሉት። ዳክዬዋ የት፣ መቼ፣ በምን ዕድሜዋ እንደተያዘች የተጻፈው መዝገብ የሚገኘው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ በቃ ቆርቆሮ ነው።

2. እያዞርክ ዙሪያውን ፎቶ አንሳው። እኔም ሲገጥመኝ አንስቼ ነው እዚያው ቢሮ የሄድኩት። ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል «ለስለላ ቢሆንስ?» አለኝ። (አይፈረድበትም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ ቄና ላይ መከታተያ የተገጠመለትን ሽመላ ሰላይ ነው ብለው አስረውት ነበር።) «ፎቶውን ይውሰዱ፣ ቀለበቱ ግን እኔ ጋ ይቆያል» አልኩት። ተቆጣ። ይቆጣ!

3. ዩሪንግ የሚባለው የአውሮፓ ቀለበት አሳሪዎች ኅብረት ድረ ገጽ አለው። ቁጥሩን፣ ፊደሉን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና እንዴት እንዳገኘሃት ሞልተህ ላክ። የእኔው ላይ ሞስኮ የሚል በላቲን ፊደል ነበረበት። ዳክዬው ወንድ ነው፤ ከዓይኑ በላይ ተነስቶ እስከ ማጅራቱ የሚወርድ ነጭ መስመር ያለው፣ ጋርጋኒ የሚሉት ትንሹ ዳክዬ። መልሱ ዘገየ፣ ግን መጣ፦ የታሰረለት ምዕራብ ሳይቤሪያ፣ በሐምሌ። ዳክዬ በዚያ ወቅት የክንፉን ላባ ባንዴ ስለሚያራግፍ ለሳምንታት መብረር አይችልም፤ አሳሪዎቹም ያኔ ነው የሚይዙት። ላባው ሲበቅል ብርዱን ሸሽቶ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ እኛ ጋ ይከርማል፣ በመጋቢት ግድም ይመለሳል። ያን ቢሮ ብሰማ ኖሮ ይሄን ማን ይነግረኝ ነበር?

በየት በየት እንደመጣ ግን ቀለበቱ አይናገርም፤ ሁለቱን ጫፍ ብቻ ነው የሚሰጥህ። መንገዱን የሚያሳየው በሳተላይት የሚከታተሉት ነው። አብዛኛው ቀለበት ደግሞ ወሬው ሳይሰማ ስለሚቀር ያንተ አንዷ ዋጋ አላት። ሽልማት ጠብቀህ ከሆነ የሚመጣልህ ደብዳቤ ነው።

ሌላ ጊዜ በሕይወት ካገኘሃት ቁጥሩን አንብበህ ከነቀለበቷ ልቀቃት። የሞተችዋን ግን እንዳትበላት፣ የወፍ ጉንፋን አለ፤ እጅህንም በሳሙና ታጠብ።

አሁን ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን። ብረቱ ስላለቀ የመጨረሻው 3 ይሁን 8 ከፎቶው አልለየሁትም።