«የሳንባ ምች» ሲባል ዳማከሴ ለምን ታሰበ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የስምንት ወር ልጃቸውን ይዘው መጡ። ‹የሳንባ ምች ነው› ብዬ መድኃኒቱን ሰጠኋቸው። ለክትትል ሲመለሱ ግን ‹ምች ከሆነማ ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አሸሁት፤ መድኃኒቱን አልጀመርኩለትም› አሉኝ። ልጁ በኋላ ዳነ፤ ነገሩ ግን እስካሁን ያብሰለስለኛል። ቃሉ ስሕተት ነው? ሌላ ቃል ልጠቀም? ‹ሳል›ስ በየትኛው ‹ሰ› ነው የሚጻፈው?» (ከቆጪ)

መልስ፦ ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ እናትየዋም አልተሳሳቱም። ሁለታችሁም አንድ ቃል ይዛችሁ በሁለት ትርጉም ተነጋግራችኋል።

ምች በየቤታችን የታወቀ ሕመም ነው። ላብ እንዳለው ወጥቶ ፀሐይ ያገኘው፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው የደረሰበት ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኩሰው፣ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት «ምች መታው» እንላለን። ሐኪሞች ያንን የከንፈር ቁስል ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ እንደሚያመጣው ይናገራሉ። የቤቱ መድኃኒት ደግሞ ዳማከሴ ነው፤ ቅጠሉ በእጅ ይታሻል፣ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ሰውነት ይቀባል። እኔም እናቴ እየጨመቀችልኝ ያደግሁ ነኝና ዳማከሴን የምነቅፍበት አንደበት የለኝም። የሳንባ ምች ግን ሌላ ነገር ነው። ሳንባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ሲሞሉ የሚመጣ ሕመም ነው፤ መነሻው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ፣ አንዳንዴም ፈንገስ ይሆናል። ቅባት እዚያ አይደርስም።

ታዲያ ስሙን እንለውጠው? እኔ አልለውጠውም። «ኒሞኒያ» ቢሏቸው ዳማከሴው ይቀር ይሆናል፤ እናትየዋ ግን ምንም ሳይገባቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ። «የሳንባ ምች» ቢያንስ ሕመሙ የት እንዳለ ይናገራል። የጎደለው ከስሙ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ቢሏቸውስ፦ «ስሙ ምች ይባል እንጂ ከንፈር ላይ የሚወጣው አይደለም። ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ቋጥሮ ነው ትንፋሽ የነሣው። መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምሩለት፤ ቢሻለውም ሳይጨርሱ አያቁሙ።»

ምርመራው ላይም ቋንቋችን ያግዝዎታል። አማርኛ በሽታን የሚናገረው በግስ ነው፤ አድራጊው ሕመሙ፣ ተቀባዩ ታማሚው ነው። «ያስለኛል፣ ያስነጥሰኛል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» እንላለን። ስለዚህ እናትን «የትንፋሽ ማጠር አለበት?» ብሎ በስም ከመጠየቅ የሚያዩትን በግስ መጠየቅ ይሻላል። ትንፋሽ ማጠር ወደ ጅሬን አቀበት ለወጣ ጎልማሳም የሚባል ነው፤ የሕፃን ግን «ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል? ያለከልካል? ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ሥርጉድ ይላል?» ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል። «ሥርጉድ» የሚለውን ቃል በተለይ እወደዋለሁ። ፊደል ያልቆጠሩ እናትም ሲሰሙት ወዲያው የልጃቸውን ደረት ገልጠው ያያሉ።

«ደረቴ ሲር ሲር ይላል» የሚልም ይመጣል። የጠበበ የአየር ቧንቧ ድምፅ ነው፤ አስም ሊሆን ይችላል፣ የማገዶ ጭስም ያባብሰዋል። «ትክትክ» ደግሞ ስሙን ያገኘው ከራሱ ከሳሉ ድምፅ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የምፈራው «ብርድ» የሚለውን ቃል ነው። የጅማ ክረምት ዝናቡ አያባራምና ንፍጡም ሳሉም ውጋቱም «ብርድ መታኝ» ይባላል። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ቢሆንም ሰው በወቅቱ ስም መጥራቱ ጥፋት አይደለም፤ በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝም አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለውታል። ችግሩ ብርድ የተባለው ሳል ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ነው። ያ ሳል ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» የሚለው አነጋገር ግን ሰውን ቤቱ ያስቀምጠዋል። እዚህም ቃል ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ካንሰርንም «ነቀርሳ» ይላልና ቲቢ ለማለት ሲፈልጉ «ቲቢ» የሚለውን ይጨምሩበት።

አፋን ኦሮሞ ለሚናገሩ እናቶች ሳል «ቁፋ»፣ ሳንባም «ሶምባ» ነው። ሁለቱን ይያዙ፤ ሁለተኛው እንዲያውም ከአማርኛው ጋር ስለሚቀራረብ አይጠፋዎትም።

ሳል የሚጻፈው በእሳቱ «ሰ» ነው። በግእዝ ሰዐለ ሲል አሳለው፣ ሠዐለ ሲል ሥዕል ሠራ፣ ሰሐለ ሲል ስለት አወጣ ማለት ነበር። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥላቸው ሦስቱም «ሳለ» ሆኑ። ንጉሡ «ሠ» የሚገባው ለሥዕሉ ብቻ ነው፤ በካርድ ላይ «ሣል» ብለው እንዳይጽፉ።