እሁድን የት እናሳልፍ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሥራው ስለተዛወረ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ከመጣን ሰባት ወራችን ነው። የምንኖረው ሳቢያን ነው። የዘጠኝና የአምስት ዓመት ልጆች አሉኝ። እሁድ በመጣ ቁጥር ቬንቲሌተር ሥር ተኝተው ስልክ ሲነካኩ ይውላሉ። መኪና የለንም። መናፈሻ፣ ሐይቅ፣ ተራራ፣ ብቻ ልጅ የሚሮጥባቸው ቦታዎች በዝርዝር የተጻፉበት ነገር ፈልጌ ሁለት ቢሮ ጠየቅሁ። አንዱ ጥቂት ነገረኝ፣ ሌላው «እሱ የእኛ አይደለም» አለኝ። እርስዎ ብዙ ዓመት አስተማሪ እንደነበሩ አንብቤያለሁ። ዝርዝሩ የት ይገኛል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። መጀመሪያ «እርስዎ»ን ተይልኝ። ድሬ ውስጥ ትልቁም ትንሹም አንተ፣ አንቺ ነው የሚባባለው። ንቀት እንዳይመስልሽ፣ ቅርበት ነው። ልጆችሽ ገና ካሁኑ ለምደውት ይሆናል።

«እሱ የእኛ አይደለም» ያለሽ ሰውዬ ልክ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከድሬ ወጣ ብለሽ የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ምሥራቅ ሐረርጌ ትገቢያለሽ፣ እሱ ኦሮሚያ ነው። ትንሽ ስትሄጂ ሐረር ትደርሻለሽ፣ እሷ ራሷን የቻለች ክልል ናት። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኤረር ከሄድሽ ደግሞ ሶማሌ ክልል ነሽ። የባቢሌ ዝሆኖች ጉዳይ የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አንድ እሁድ ውስጥ ሦስት አስተዳደር ልታቋርጪ ትችያለሽ። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተቺ። በመንገድ ፈልጊ። አንድ መንገድ ያዢ፣ እሱ ላይ ያለውን ሁሉ ጨርሺ፣ ከዚያ ሌላውን ጀምሪ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር የተፈጥሮ ክበብ ልጆቼን የወሰድኳቸው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ግን አስፋልቱ አይደለም፣ የባቡር ጣቢያው ያለበት ሰፈር፣ ከዚራ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ገደማ እዚህ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ከተማዋን በቀጥ ያሉ መንገዶች ቀየሷት። የመንገዶቹን ዳር ዳር ዛፍ ይዞታል። አሁን ያ ጥላ ለእኔ የድሬ ትልቁ መናፈሻ ነው። በር የለው፣ ትኬት የለው። እሁድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ይዘሽ ከለገሃር ፊት ለፊት ጀምሪ። ትልቁ ልጅ የዛፍ ቅጠል ይልቀም፣ በየዓይነቱ ደብተር ውስጥ ያድርግ። የኒሙን ዛፍ ከሌላው በጠረኑ ይለየዋል። ሦስት ሰዓት ላይ ፉል በልታችሁ ወደ ቤት። ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ለአምስት ዓመት ልጅ አይሆንም። እኔ የልጅ ልጆቼን ከአራት ሰዓት በኋላ ከጥላ አላወጣም። ማታ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቀን ነው። ድሬ ውስጥ እሁድ ሁለት ነው፣ የጠዋትና የማታ። አዲስ አበባ እንደለመድሽው «ምሳ በልተን እንውጣ» ካልሽ ልጆችሽ ውጭ መውጣትን ይጠሉታል።

ሁለተኛው የሐረር መንገድ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ደንገጎን ጥምዝምዝ እያለ ሲወጣ መስኮት ክፈቺና የልጆችሽን ፊት እዪው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አየሩ ይቀየራል። ከታች ግራሩና አቧራው፣ ከላይ ማሽላው፣ ጫቱ፣ ደጋው። ሹራብ ያዢ። ድሬ ሹራብ መያዝ ያስቃል፣ እዚያ ስትደርሺ ትፈልጊዋለሽ።

ሐረማያ ሐይቅን እኔ ሦስት ዓይነት አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ጀልባ የነበረበት ትልቅ ውሃ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። ውሃው ለሐረር ከተማ ይሳብ ነበር፣ ገበሬውም ለጫትና ለአትክልት ይስብ ነበር፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈርም ወለሉን ሞላው። ያኔ ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ የተሰነጠቀው ጭቃ ላይ ቆመን ነበር። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ዓሦቹ የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ሐረር በኋላ ውሃ የምታገኘው ከእኛው ከድሬ በኩል፣ ከሐሰሊሶ፣ በቧንቧ ሆነ። ቆላው ለደጋው ውሃ ላከ ማለት ነው። ዝናቡም ረዳ፣ የአካባቢው ሰውም ተራራውን መንከባከብ ጀመረ፣ ሐይቁ ተመለሰ። ስፋቱ ከዓመት ዓመት ይለያያል፣ ውሃው ግን አለ፣ ወፎቹም መጥተዋል። ልጆችሽን ዳር ላይ አስቀምጪና ይህን ታሪክ ንገሪያቸው። ውሃው ውስጥ ግን አይግቡ፣ ዳሩ ጭቃ ስለሆነ እግር ይይዛል።

ከሐረማያ ሐረር ቅርብ ነው። ሐረር ስትደርሺ ሙዚየም አትጀምሪ፣ ልጆችሽ ይሰለቻሉ። ጀጎልን በውጭ በኩል ዙሩት። ግንቡ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ በትንሽ እግር ግማሽ ቀን ነው። አምስቱን ጥንታዊ በሮች ይቁጠሩ፦ የሸዋ፣ የቡዳ፣ የሰንጋ፣ የኤረር፣ የፈላና። አምስቱንም ላገኘ ልጅ ለውዝ ግዢለት። የባቢሌ ለውዝ እዚያው በየመንገዱ አለ። ብታድሩ ማታ የጅብ ምገባውን ያያሉ። ትንሹ ከፈራ አታስገድጂው፣ ከሩቅም ያምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ እኔ ላይ የደረሰ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ሦስት የልጅ ልጆቼን ይዤ ግቢ ወዳለው አንድ መናፈሻ ሄድኩ። ውሃ አለው፣ ዥዋዥዌ አለው ተብሎ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛው «ለሠርግ ተከራይቷል» አለኝ። ትንሿ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት። የሕዝብ መናፈሻ የሚባል ነገር እሁድ ለልጆች መዘጋት የለበትም፣ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። እስኪስተካከል ግን አርብ ዕለት ደውለሽ «እሁድ ክፍት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ስልክ ከሌለሽ የዚያ ሰፈር ባጃጅ ነጂ ያውቃል። ወላሂ፣ ከየትኛውም ቢሮ በላይ ያውቃሉ።

ልጆችሽ ትንሽ ሲያድጉ ሌሎቹን ትቀጥያለሽ። ከከተማው ደቡብ የደቻቱን ወንዝ የሚያየው ገደል ላይ የጃርት ዋሻ የሚባል አለ። በ1921 ነው ለምርምር የተገኘው። እዚያ ከተቆፈረው ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ የቀይ አፈር ቁራጭ ተገኝቷል፣ ሲመዘን 40 ኪሎ። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያወጡበት ነበር። ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅሽ መንገድ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይወጣዋል፣ ትንሹ ይቆይ። የኤረር ፍል ውሃ ደግሞ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ነው፣ በሙቀት ወር አይሞከርም። መንገድ ስትጠይቂ ግን ተጠንቀቂ፣ ኤረር ሁለት ነው። ፍል ውሃው ያለው ከድሬ በስተምዕራብ ነው። የዝሆኖቹ ሸለቆ ኤረር ከሐረር ወዲያ ነው። ፍል ውሃ ብለው ተነሥተው ሐረር የደረሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፣ አምስት ሆነን ባቢሌ ዝሆን ለማየት አስበናል። ቅዳሜ ጠዋት ሄደን ማታ መመለስ እንችላለን?
ተማሪዎቹ

መልስ፦ ባቢሌን ትደርሳላችሁ። ዝሆን ማየታችሁ ግን ዕድል ነው። መጠለያው በ1962 የተቋቋመ ነው፣ ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል ይንቀሳቀሳሉ፣ አንድ ቦታ አይጠብቋችሁም። መኪና የማይገባው እሾህ ውስጥ በእግር ነው የሚፈለጉት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ስሄድ ያየነው ኮቴ፣ ፋንድያና የተሰበረ ቁልቋል ነው። እሾሃማውን ቁልቋል ይበሉታል። ሁለተኛ ጊዜ አየናቸው፣ ዛሬም ሳስበው ልቤ ይመታል። ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ መጠለያው ጠባቂ፣ አንድ እርምጃ እንዳትገቡ። እርሻው እየገፋ መኖሪያቸው ጠቧል፣ በአዳኝም ተገድለዋል፣ ሰው ሲያዩ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ምክሬ ሌላ ነው። ከባቢሌ አልፋችሁ በጅግጅጋ መንገድ ዳከታ ሸለቆ ውረዱ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ አሁን ይወድቃል እያላችሁ የማይወድቅበት ቦታ ነው። መንገዱ መሐል ለመሐል ያልፍበታል። ዝንጀሮ ታያላችሁ። ለዝሆኑ ሁለት ሌሊት ያለው ዕረፍት ስታገኙ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ሰፈራችን ሜዳ የለም። ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ እንጫወታለን። እናቴ ትከለክለኛለች፣ ወንዙ ደረቅ ነው እኮ። እስቲ አንቺ ንገሪያት።
የ13 ዓመት ልጅ

መልስ፦ አቦ፣ የኔ ልጅ፣ የምነግረው ለአንተ ነው። በበጋ፣ ሰማዩ በተራራውም በኩል ጥርት ሲል ተጫወት። እኔም በልጅነቴ እዚያው አሸዋ ላይ ነው የሮጥኩት። እናትህ የምትፈራው ግን እውነት ነው።

ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ በሚዘንበው ዝናብ አይደለም። ደንገጎ በኩል፣ ተራራው ላይ ይዘንባል። እዚህ እኛ ጋ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ማታ ከሆነ ኮከብ ይታያል። ተራራው ገላጣ ነው፣ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ውሃው የሚይዘው ነገር የለም። ድንጋይና ግንድ ይዞ በአንዴ ይደርሳል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ እንዲህ ነው የመጣው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከእነሱ መካከል ያስተማርኳቸው ልጆች ነበሩ። በማግስቱ ክፍሉ ባይከፈትም፣ መስከረም ላይ ስም ስጠራ ዝም ያሉ ወንበሮች ነበሩ።

ስለዚህ በበልግና በክረምት አሸዋው ላይ አትውረድ፣ ጓደኞችህንም አትፍቀድላቸው። በሌላ ጊዜም ወደ ደንገጎ ጥቁር ደመና ካየህ፣ ከላይ ሰው ሲጮህ ወይም መኪና የሚመስል ድምፅ ከሰማህ ወዲያው ወደ ከፍታው ውጣ። ጫማህን ለማንሣት አትመለስ። ኳሱን ተወው፣ እኔ እገዛልሃለሁ።