ጣቷን ያስነካችበት ወረቀት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ኢንሹራንስ ቤት፣ ካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈር ልጆች መኪና ሲጋጩ ከትራፊክ ፖሊስ ቀጥሎ የሚደውሉት ለእኔ ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ ቪትዙን ይዞ መጣ። የኋላ ፓራውልቱ ተሰንጥቋል፣ የግራ ፍሬቻው ረግፏል። ጉዳቱ ይኸው ነው። እጁ ላይ ያለው የጋራዥ ፕሮፎርማ ግን ኮፈን፣ የፊት መብራት፣ ራዲያተር ይላል።

«ከኋላ የተመታ መኪና ራዲያተሩ በምን ተበላሸ?» አልኩት።

ሳቀ። «ጋራዡ ነው፤ ኤክሰሱን ከዚያ ላይ እናወጣልሃለን ብሎኝ ነው።»

ኤክሰስ ማለት አደጋ በደረሰ ቁጥር ባለመኪናው ከኪሱ የሚችላት ድርሻ ናት። ጋራዡ «እሷን ተዋት፣ በእኔ ይሁን» ሲላችሁ ደግ ሰው ይመስላል። ሒሳቡን ግን ተመልከቱት። እናንተ ጥቂት ሺህ ብር ይተርፋችኋል፤ እሱ ያልቀየረውን ራዲያተር ዋጋ ይበላል። የካሳ መጠየቂያው ላይ ያለው ስምና ፊርማ ደግሞ የእናንተ ነው። ጉዳት ገምጋሚ ደግሞ ሞኝ አይደለም። አሮጌ ስብራት ጠርዙ ላይ አቧራና ዘይት ይዞ ይጠቁራል፣ ላሜራው ይዝጋል። የትናንት ስብራት ንጹሕ ነው፤ ያበራል። ነገሩ ሲነቃ ጋራዡ «ደንበኛው ያለኝን ነው የጻፍኩት» ብሎ ቁጭ ይላል። ያኔ እውነተኛው ፓራውልትም አብሮ ሊቀርባችሁ ይችላል። ከዚያ ካለፈ የማታለል ወንጀል ነው።

ልጁ ፕሮፎርማውን አስቀይሮ ተመለሰ። እየተነጫነጨ ነው የቀየረው፣ አልዋሽም።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ጀማሪ ሳለሁ ደንበኛ ሲቸኩልብኝ «እዚህ ጋ ፈርመህ ሂድ፣ የቀረውን እኛ እንሞላዋለን» እል ነበር። ቅልጥፍና መስሎኝ ነው። ሰውን ያላነበበው ወረቀት ላይ ማስፈረም ምን እንደሚያመጣ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መንገድ ላይ ያለውን ጨዋታ ሳታውቁት አትቀሩም። ፊት ለፊታችሁ ያለው መኪና ያለ ምክንያት ፍሬን ይይዛል፣ ትነኩታላችሁ። ሹፌሩ ሳይወርድ ሁለት «ምስክሮች» ከእግረኛ መንገዱ ይደርሳሉ። «ፖሊስ ከመጣ መኪናህ ይታሰራል፣ በስምምነት እንጨርስ» ይባላል። ገንዘቡን ከሰጣችሁ በኋላ «ጥፋቱ የኔ ነው» የምትል ብጣሽ ወረቀት ያስፈርሟችኋል። እሷን ይዘው ነገ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። አብዛኛው የመኪና መድን ውል ደግሞ ኩባንያው ሳይፈቅድ ጥፋተኝነትን ማመንም ሆነ ካሳ ቃል መግባትን ይከለክላል። ስለዚህ አትፈርሙ። የሁለቱን መኪና አቋም፣ ታርጋውን፣ አስፋልቱን በስልካችሁ አንሱ። ፖሊስ ጠርታችሁ ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ይነሳ። ለኢንሹራንሳችሁ ቶሎ አሳውቁ፤ በ1952ቱ ንግድ ሕግ የተሰጣችሁ ጊዜ 5 ቀን ነው። ብዙ ሰው በሽምግልና ላይ ታች ሲል ያቺን 5 ቀን ያሳልፋታል።

በስልክ የሚያጭበረብሩትን ነገር በአጭሩ ልለፈው። «ካሳዎ ጸድቋል፣ ለማስለቀቂያ ይህን ያህል ላኩ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ካሳ የሚከፍል ድርጅት ከእናንተ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። የሦስተኛ ወገን መድን ስትገቡም ከደላላ እጅ ተለጣፊ ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ደረሰኝ ያዙ፣ የፖሊሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ቅርንጫፉ ጋ አጣሩ።

አሁን ወደዚያች ወረቀት።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ቢሮዬ ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። ልጃቸውን መኪና ገጭቶ ገድሎባቸዋል። «የልጄ ካሳ ደረሰ ወይ?» አሉኝ። ፋይሉን አወጣሁት። ከተከፈለ 7 ወር አልፎታል። ቼኩን የተቀበለው «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» ብሎ ለቅሶ ቤት ድረስ የመጣ ሰው ነው። እሳቸው ሲደውሉለት «እየተከታተልኩ ነው እማማ» ይላቸው ነበር።

ሰውየው ፎርጅድ አልሠራም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም እሱ ነው። ውልና ማስረጃ የተመዘገበ ውክልና ነበረው። እንዲህ ያለ ውክልና አይታችሁ ከሆነ ረጅም ነው፤ «ሊከስ፣ ሊከራከር፣ ሊታረቅ» እያለ ይወርዳል። ወደ ታች መጨረሻው አካባቢ ደግሞ «ገንዘብ ሊቀበል» የምትል አለች። እናንተ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ስትሄዱ ያቺን ቃል ፈልጓት። ጉዳዩን የሚከታተል ሰው መወከል ነውር የለውም። እሷን ግን አሰርዟት፤ ክፍያው በባለመብቱ ስም ይውጣ።

ሌላም የሚበሉበት መንገድ አለ፤ ሰው መብቱን አለማወቁ። ገጭቶ ያመለጠ፣ ወይም መድን የሌለው መኪና ሰው ሲጎዳ ቤተሰቡ «በቃ ቀረ» ብሎ ይቀመጣል። አልቀረም። የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለው ተጎጂ ካሳ ይከፍላል። ደላላው ይህን ያውቃል፤ እናንተ ስለማታውቁ «በሰው በሰው አወጣላችኋለሁ፣ ግማሹ የኔ» ይላችኋል። ጊዜ ማጓተቱም የራሱ አደጋ አለው፤ 2 ዓመት ካለፈ በይርጋ ልትታገዱ ትችላላችሁ።

እኚያ እናት አልጮኹም። የውክልናውን ቅጂ ከፋይሉ ሳወጣው ከታች ያለውን የጣት አሻራቸውን ለዩት፣ በጣታቸው ነኩት። «የኔው ናት» አሉ። ቀጥለው «ምን ይላል?» አሉኝ።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ያን ወረቀት ያነበበላቸው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ።